ከመሪው ዳንቴል ሥር

የጫማ ቀለም ሽታ ለሌላ ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ባሌ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጄ ሊዲያ፣ አትላንታ ዳር ስኔልቪል ካለው ቤታችን ደጅ በቆመችው መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ በእጄ የሠራሁትን የመሪ ልብስ ስትገፍፈው ያ ሽታ ወጥቶ ፊቴን መታው። ለአፍታ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። እጄ የመኪናዋን በር እንደያዘ ልቤ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት ደርሶ ተመለሰ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ባሌ ዘለቀ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሙት ዓመቱ ነው። ግራጫዋ መኪናው ከአየር ማረፊያ ሰው ስታመላልስ አርጅታ፣ ከእሱ ጋር አብራ ጡረታ የወጣች ናት። ሊዲያ እዚሁ አቅራቢያ ታከር ከተማ ውስጥ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ስላገኘች፣ መኪናዋ ለእሷ ትሁን ተባብለናል። የተስማማነው ግን በመኪናዋ እንጂ በመሪዋ አልነበረም። መሪው ቆዳ የለበሰ ነው። ከላይ በኩል ተሰነጣጥቋል፤ በግራ በኩል ደግሞ የዘለቀ እጅ ዘወትር ያርፍበት የነበረው ቦታ እንደ ድንች ልጣጭ ይነሣል። ሊዲያ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ስታይ ሰንብታ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስፖንጅ፣ የስንጥቅ መሙያና አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ጥቁር የቆዳ ቀለም ገዝታ መጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልፈቀድኩላትም። እጁ ያረፈበት ነው፣ አይነካም አልኩ።

«እማማ፣ ሲሪየስሊ፣ ስቲሪንጉ እኮ ተልጧል። ክሊን አድርጌ ቀለም ልቀባው ነው ያልኩሽ፤ አውጥቼ ልጣለው አላልኩም።»

«መሪ በይ። ስም አለው።»

«ኦኬ፣ መሪ። መሪው ሴፍ አይደለም። ይሄ የለበሰው ነገር ይሽከረከራል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ይላላጣል። በዝናብ ሃይዌይ ላይ ቢያንሸራትተኝስ? ያኔ ምን ልትይ ነው?»

 ለሞተ ሰው ብዬ በሕይወት ያለችውን ልጅ አደጋ ላይ ብጥል፣ ያ ፍቅር ሳይሆን ግፍ ነው። «ግፈፊው» አልኳት። ሽታው የመጣው ያኔ ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ላይ ክርና ኪሮሽ እሸጥ ነበር። ዳንቴልም እሠራለሁ፤ የሶፋ፣ የራዲዮ፣ የአልጋ። ያኔ ራዲዮ ያለው ሰው ራዲዮውን ራቁቱን አይተወውም ነበር። ልጃገረዶቹ ጉልበታቸው የሚታይ ቀሚስ ለብሰው፣ ወንዶቹ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ አድርገው፣ ጸጉራቸውን እንደ ዣንጥላ ከምረው የሚሄዱበት ዘመን ነው። ከማዕዘኑ ቡና ቤት ዘፈን ይወጣል፤ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ማዶ ያለው ቡና ቤት ሌላ ስለሚጀምር፣ እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ ነው የማውቃቸው። እስካሁን አንዱን ላንጎራጉር ስል ሌላው ይገባብኛል። የጫማ ቀለም ትልቁ ቆርቆሮ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ታክሲ ስሙኒ ነበር።

ለአንድ የበዓል ቀን ሦስት ወር አጠራቅሜ አዲስ ነጠላ አሠራሁ። በጠዋቱ ለብሼ ወደ አራት ኪሎ ለመሄድ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከኋላ አራት ሰው ታጭቋል፤ እኔ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ፍንጭት ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻው ላይ ተኝቷል። መኪናዋ ስትቆምም ስትሄድም ያፏጫል። ለካ እሱም ለበዓሉ ብሎ ታክሲውን አሰማምሯል፤ የተፋፋቀውን መሪ ማታውን በጫማ ቀለም ወልውሎት አድሯል። ፍሬን ሲይዝ የነጠላዬ ጫፍ ማርሹ ላይ ወደቀ። «ይቅርታ እህት» ብሎ በሦስት ጣቱ አንሥቶ ጉልበቴ ላይ አደረገልኝ። ሦስት ጥቁር ጣት፣ ልክ ወረቀት ላይ እንደሚፈርሙት፣ ከጥለቱ በላይ ተቀምጦ ቀረ።

«ቁም!» አልኩት።

ቆመ። እጁንም ነጠላውንም አይቶ ደነገጠ። «ወይኔ! እናቴ ታጥብልሻለች፣ በእግዚአብሔር፣ የእሷ እጅ የማያስለቅቀው የለም።»

«እናትህ ምን አጠፋች? ያቆሸሸው እጅ ነው የሚያጥበው። በገዛ እጅህ ታጥበዋለህ።»

ከኋላ ያሉት ሴትዮ «ፈረደች! ዳኛ ናት ልጅቷ!» ብለው አጨበጨቡ። እኔ ሳቅ አልነበረኝም። ነጠላውን አውልቄ ሰጠሁት፤ መያዣ ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ተቀበልኩ። ያለ ነጠላ በበዓል ቀን ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ያለ መንጃ ፈቃድ፣ ትራፊክ ባየ ቁጥር በጓሮ እየተሽሎከለከ ሲሠራ ከርሞ በአራተኛው ቀን ወደ በረንዳዬ መጣ። ነጠላው ነጥቶ፣ ተተኩሶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሏል። «ሁለቱ ጣት ለቀቀ» አለኝ። «አንደኛው እምቢ አለ። ጨርቁ እስኪሳሳ አሸሁት፤ እምቢ አለ። ምን ይፈረድብኝ?» እውነቱን ነው፤ አንዱ እንደ ጥላ ደብዝዞ ቀርቷል። መንጃ ፈቃዱን መለስኩለት፤ ነገሩ ግን አላለቀም አልኩት። በየሳምንቱ እየመጣ «ዳኛዬ፣ መዝገቤ ተዘጋ?» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ተጋባን። እስኪሞት ድረስ የሺ ብሎ ስሜን የሚጠራው ሲቆጣ ብቻ ነበር፤ አለዚያ ዳኛዬ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት የኖረባቸው ያውቃቸዋል፤ እኔ አልደግማቸውም። ነጠላዋ በስደት መንገድ ከሻንጣ ጋር ጠፋች። ይህን ሁሉ የማነሣው ከተማው ናፍቆኝ አይደለም። ከተማውማ እኔን ረስቶ የራሱን ሕንፃ እየሠራ ነው። የናፈቀኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው እዚሁ አትላንታ፣ ይችው መኪና ውስጥ ነው። ክላርክስተን አፓርታማ ስንኖር ሳይነጋ ይወጣል፤ ስንት ዓመት አመላለሰ! ግራ እጁ መሪው ላይ፣ ቀኙ ጉልበቱ ላይ። ተሳፋሪዎቹ ስሙን መጥራት አቅቷቸው «ሚስተር ዚ» ይሉት ነበር። እሱም ደስ ይለዋል።

ኋላ ስኳሩ ዓይኑን ያዘው። መጀመሪያ ደበቀኝ። አንድ ቀን ከፓይን ሌክ ስንመለስ ቀይ መብራት ጣሰ፤ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ከፊታችን እግዚአብሔር አተረፋት። መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። መዳፌን ዘረጋሁለት።

«ቁልፉን።»

«ዳኛዬ፣ ይግባኝ የለውም?»

«የለውም። የሰው ልጅ ነው።»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ያን ፍርድ ዛሬም እፈርደዋለሁ፤ ትክክል ነበር። ስልሳን ተሻግሬ መንዳት ተማርኩ። ያስተማረኝ የደሴው ሰኢድ ነው፤ የዘለቀ የሥራ ባልደረባ፣ እንደ ታናሽ ወንድሙ የሚያየው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሐኪም ቤትም ወደ ገበያም እኔ እነዳለሁ፣ ዘለቀ ጎኔ ይቀመጣል። አንድም ቀን «እንዲህ አድርጊ» ብሎኝ አያውቅም። ቀኝ እግሩ ብቻ፣ መብራት በቀረብን ቁጥር፣ ፍሬን በሌለበት ወለል ይረግጣል። አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

አንድ ሰሞን «ለመሪው ዳንቴል ሥሪለት» አለኝ። ሳቅኩበት። «የራዲዮ ዘመን አለፈ፣ አንተ ሰውዬ። መሪ ቀሚስ ለብሶ የት ሊሄድ ነው?» አልኩት። «ቆዳው እጅሽን ይቧጥጥሻል፤ ሥሪለት» ብሎ ሙጭጭ አለ። በቡናማ ክር ሠርቼ፣ ጠርዙን በላስቲክ ይዤ አለበስኩት።

ከዚያ የሆነው ነው እስከ ቅዳሜ ድረስ እንደ ቀልድ ሳወራው የኖርኩት። የፈረንጆቹ ጁላይ ነበር፤ በእኛ ሐምሌ። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ከዕንቅልፌ ብነሣ ቁልፉ ከምስማሩ ላይ የለም። ወጥቼ ባይ ዘለቀ ከመኪናዋ ሲወርድ ደረስኩ። ጣቶቹ ጠቁረዋል። የመኪናዋን ኮፈን ዳሰስኩት፤ ያቃጥላል። ሌላ ምስክር አልፈለግሁም።

«ነድተሃል!» አልኩት። «በዚያ ዓይንህ! ጎማም ቀይረሃል፤ እጅህ ይመሰክራል። ልጅ ብትገድልስ? ለእናቷ ምን ትላት ነበር?»

 ያ ጥርሱ ፍንጭት አፍ ትንሽ ሊከፈት አለና ተዘጋ። ከዚያ «አጥፍቻለሁ» አለኝ። «ደግመህ አትነካትም» አልኩት። ቁልፉን ከዚያ ቀን ጀምሮ በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። አልበቃኝም፤ ለጎረቤቱ፣ ለዕድሩ ሴቶች፣ ለልጄ፣ «ሽማግሌው መኪና ሰርቆ ሲነዳ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት» እያልኩ አወራሁ። ሰዉ ይስቃል፤ እሱም አብሮ ፈገግ ይላል። በክረምቱ፣ እዚህ ብርዱ ሲገባ፣ ልቡ ቆመ።

እንግዲህ ቅዳሜ ወደተነሣሁበት ልመለስ። ሊዲያ ዳንቴሉን ገለበጠችው። ውስጡ ከሰል መስሏል። ነጭ ጨርቅ አልኮል ነክራ መሪውን ብትጠርገው ጨርቁ ጠቆረ፤ ሁለተኛውም ጠቆረ።

«እማማ፣ ይሄ የራሱ ከለር አይደለም። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ቀብቶበታል። ላይክ፣ ብዙ ጊዜ።» ከወንበሩ ሥር እጇን ሰድዳ አንድ ነገር ሳበች። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነው፤ አልቆ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀርቷል። አብሮት ለወራት የፈለግሁት ሰማያዊ ካልሲ፣ አንድ እግሩ፣ ቀለም ጠጥቶ ደርቋል።

ሰኢድ ጋ ደወልኩ። ታከር ነው ያለው፤ ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ መጣ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «እትዬ የሺ፣ ደህና ነዎት? ድምፅዎ ፖሊስ ይመስላል» ብሎ ሊቀልድ ጀመረ። ቆርቆሮውን አሳየሁት። ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ።

«ይህን ማን ገዛው?»

«እኔ ነኝ። ጋሼ ዘለቀ ልኮኝ።»

«እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«አደራ ብሎኝ ነበራ፣ እትዬ። የሞተ ሰው አደራ ከባድ ነው፣ ወላሂ።»

«እኔ የበደልኩት ሰው ነው የሞተው፣ ሰኢድ። ንገረኝ።»

ግንባሩን አሸ። «ዐርብ ዐርብ ከጁምዓ ስመለስ ጎራ እል የለ? አንቱ ጋደም ሲሉ እሱ እዚህ ይወጣል። ቆዳው እየተላጠ እጅዎን እንደሚቧጥጥዎ አይቶ ይብሰለሰል ነበር። በዳሰሳ ነው የሚቀባው። 'ከላይ ዳንቴሉ አለ፣ እጇን አይነካም፤ አንዴ አቆሽሼ ያየሁትን ፍዳ አልረሳም' እያለ ይስቃል። አንድም ቀን አልነዳትም፣ እትዬ። አስነሥቷትም አያውቅ።»

«ኮፈኑ ያቃጥል ነበር» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እንጃ፤ የተያዘ ሌባ ነው እንዲህ የሚለው።

«ፀሐይ ነዋ!» አለ ሰኢድ። «በጁላይ የትኛው ኮፈን ነው የማያቃጥል?»

ይህን ያህል ዓመት ጆርጂያ ኖሬ፣ ፀሐይ ብረት እንደምታግል ልቤ አልነገረኝም። ሐምሌ ሲባል ጣቴ አሁንም ዝናብና ብርድ ነው የሚጠብቀው። በሐምሌ የሞቀ ብረት ለእኔ የሠራ ሞተር ነው። በዚህ ማስረጃ ነው የፈረድኩበት።

«ታዲያ ለምን ዝም አለኝ? አልነዳሁም ቢለኝ ምን ነበረበት?»

ሰኢድ ሊዲያን አየ፣ መሬቱን አየ። «እኔም ጠይቄዋለሁ። 'ለምን እውነቱን አትነግራቸውም፣ ካልሆነ እኔ ልንገራቸው' ስለው እጄን ያዘኝ። 'ተዋት' አለኝ። 'ሐኪሙም፣ ልጆቹም፣ ሁሉም ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ዕቃ አድርጎኛል። ዳኛዬ ብቻ ናት አሁንም መኪና አስነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ ብላ የምትጠረጥረኝ። ይህችን ፍርድ አትሻርብኝ' አለኝ።»

ሊዲያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ የመኪናዋን በር ይዤ ቆምኩ። ሰው ሲወቀስ ተቆጥቶ ያውቃል፣ ሲወቀስ አልቅሶ ያውቃል። ሲወቀስ የሚከብር ሰው አጠገቤ እንደኖረ አላወቅኩም ነበር። ቁልፉን በትክክል ነጥቄው፣ ሾፌርነቱን ደግሞ በስህተቴ መለስኩለት። እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብዬ ልዳኘው?

ሊዲያ «እማማ፣ የጫማ ቀለሙ ሰም አለበት» አለችኝ። «ሁሉም ካልለቀቀ የኔ ቀለም አይዝም። ግን ካልፈለግሽ ልተወው። ሪሊ።»

«አይተውም። ወዲህ በይ ጨርቁን።»

«እኔ ልጥረገው...»

«ወዲህ በይ አልኩሽ።»

በሾፌሩ ወንበር ተቀምጬ ጠረግሁት። ከላይ ጀምሬ ወደ ግራው ወረድኩ፤ እጁ ያርፍበት የነበረው ጋ ስደርስ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ስንጥቁን ሊሞላ ደጋግሞ ቀብቶታል። በአልኮሉ ሥር የጫማ ቀለሙ ሽታ እየደጋገመ ይመጣል። የእሱ ልፋት በጨርቅ ላይ እየወጣ፣ ከሥሩ ግራጫ የገረጣ ቆዳ እየታየ ሄደ። ያቆሸሸው እጅ ነው የሚያጥበው ብዬ ነበር፣ ያኔ፣ በሃያ ዓመቴ። የእኔ አፍ ያቆሸሸውን ስም ግን በየትኛው ውሃ ላጥበው? እሱ ነጠላዬን ይዞ በአራተኛው ቀን መጥቷል። እኔ ይዤ የምሄድበት በረንዳ የለም።

ሊዲያ የቀረውን ሠራች። በብርጭቆ ወረቀቱ በቀስታ አሻችው፣ ስንጥቁን ሞላች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ ከዚያ በስፖንጅ ስስ ስስ እያደረገች ሦስት ጊዜ ቀባችው። እጇ ጥሩ ነው፤ አትቸኩልም። ሲመሽ መሪው ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ የማንም ሰው እጅ ነክቶት የማያውቅ መሰለ። ጎበዝ አልኳት፤ ይገባታልና። 

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። በአደባባይ የፈረድኩትን በጓዳ አልሽርም። ከእኔ አፍ ሰምታችሁ የሳቃችሁ ሁሉ፣ ዘለቀ መኪና አልሰረቀም፤ ሰውም ለአደጋ አላጋለጠም። ነዳ ያልኩበት ቀን፣ የሚስቱን መሪ በዳሰሳ ሲቀባ ነበር። ይህኛው ተሽሯል። እሱ አይሻርብኝ ያለውን ግን አልነካም። ዘለቀ እስከ መጨረሻዋ ቀኑ ሾፌር ነበር፤ ይህ ይጸናል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ መሪ ገበያ ልትወስደኝ መኪናዋን አስነሣች። ወደ ኋላ ወንበር ልገባ ስል «ፊት ግቢ እንጂ» አለችኝ። ከባሌ ሞት ወዲህ ያ ወንበር ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ገባሁ። ወንበሩን እግሩ ረጅም ስለነበር ወደ ኋላ ገፍቶት ነው የሄደው፤ እኔ ውስጡ ጠፋሁ። ጥፍሬ ሥር ቀለሙ አልለቀቀም ነበር፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ሳሙና አላስነካሁትም።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ መብራቱ ቢጫ ሆነ። ሊዲያ ገና አላቆመችም። ቀኝ እግሬ ወለሉን ረገጠ።

«እማማ» አለች ሊዲያ፣ «እዚያ ጋ እኮ ፍሬን የለም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።